ለመኪና የተነፋ ጡሩምባ

ባለፈው ሳምንት ጊዮርጊስ ተሳልሜ ስመለስ ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ አዘዝኩ። አዲሱ ሰፊ መንገድ ፊት ለፊቴ ተዘርግቷል። ዓይኔ እስካሁን አልለመደውም። እኔ የማውቀው ሰውና መኪና ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ የሚያልፉበትን ጠባቡን ነው። ማኪያቶዬ እንደመጣልኝ ወታደራዊ መኪኖች ተሰልፈው ማለፍ ጀመሩ። ከሁሉም ኋላ ባለ ስምንት ጎማ፣ ዙሪያውን ብረት የለበሰ፣ አናቱ ላይ ክሬን ያጋደመ አንድ ግዙፍ መኪና ተከተለ። አስተናጋጁ ልጅ ትሪውን እንደያዘ ቆመና «ጋሼ፣ ታንኩን አዩት?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሰው በሙሉ ብረት ያየ ቀን ታንክ ነው የሚለው። ታንክ በሰንሰለት ነው የሚሄደው አልኩት፣ ይሄ ጎማ አለው። ታንክ ይተኩሳል፣ ይሄ ደግሞ የተመታውንና ጭቃ የዋጠውን ሄዶ ጎትቶ የሚያወጣ ነው፤ እኔ ራሴ በወጣትነቴ እንዲህ ያለውን ነድቻለሁ። ልጁ ቁጣዬን ከምንም አልቆጠረውም። ትንሽ አሰበና «እሺ፣ እሱ ራሱ ቢቆምስ ማን ያወጣዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የአባቴ ዕድር» አልኩት። የቀለድኩበት መስሎት እየሳቀ ወደ ውስጥ ገባ። ቀልዴን ግን አልነበረም።

ያኔ በሠራዊቱ የጥገና ክፍል ሹፌር ነበርኩ። መኪናችን መድፍ የላትም። ያላት ክሬን፣ የብረት ገመድ የሚጠቀልል ዊንች፣ የሰው ጭን የሚያህል የመጎተቻ ገመድና ሳጥን ሙሉ መፍቻ ነው። ከፊት የምታየው በአንዲት ጠባብ መስታወት ብቻ ሲሆን ውስጧ ሁልጊዜ የናፍጣና የጋለ ዘይት ሽታ አለው። ተኳሾቹ «የጋራዥ ወታደር» እያሉ ያሾፉብን ነበር። ክረምት ገብቶ ጭቃ እስከ ሆዳቸው ሲውጣቸው ግን ምላሳቸው ማር ይሆናል፤ «ወንድሜ፣ ድረስልኝ» ይላሉ። እኛም መኪናችንን «አዋላጇ» አልናት፤ ተጣብቆ የቀረውን ሁሉ ስባ ስለምታወጣ።

አባቴ አቶ ተካ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበራቸው። የሰፈሩ ዕድር ዳኛም እሳቸው ናቸው። አንድ ልጃቸው እኔ ነኝ፤ ሱቁን እንድወርስላቸው ነበር ሐሳባቸው። የኔ እጅ ደግሞ ከልጅነቱ ብረት ነው የሚወደው። ሠራዊቱ ውስጥ ከተቀጠርኩ ቀን ጀምሮ አነጋግረውኝ አያውቁም። ፈቃድ ወጥቼ ቤት ስመጣ ገበታ ላይ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ እያለሁ፣ «ለልጅሽ ንገሪው፣ ወጡ እንዳይቀዘቅዝበት» ይሏታል እናቴን። እናቴ ወደኔ ዞር ብላ የሰማሁትን ትደግምልኛለች። ብንስቅበትም ያመኝ ነበር፤ በጣም ያመኝ ነበር።

ቀኑ ከተራ ነው። የጥር ፀሐይ፣ አንዲት ደመና የሌለበት ሰማይ። ፒያሳ ነጭ በነጭ ለብሳለች፤ የሸንኮራ ገለባ ከእግር ስር ይንኮሻኮሻል፤ ጋድ ስለሆነ ደግሞ ከየዳቦ ቤቱ የጾም ፓስቲ ሽታ አፍንጫ ይሰብራል። ስድስት ኪሎ በኩል የቆመ ከባድ መኪና እንድናነሳ ታዘዝን። ዘወትር የምንሄድበት መንገድ ለጥገና ስለተዘጋ የመቶ አለቃችን በእኛ ሰፈር ቁልቁለት ከስሩ ወዳለው ድልድይ እንድንወርድ ወሰነ። እኔ ልቤ ዘለለ። ጎረምሳ ነኝ፣ የተወለድኩበትን ሰፈር በዚያ ሁሉ ብረት ውስጥ ሆኜ ላልፍ ነዋ። አባቴም ከሱቃቸው በር ላይ ያዩኛል አልኩ።

አዩኝ፤ እንዴት አድርገው! ኩርባው ላይ ስጠመዝዝ የኋላ ጎማዬ የቦይ ጠርዝ ላይ ወጣና የድንጋዩ ስለት የአየር ቱቦዋን ቀደደው። እንደ እባብ ያለ ረጅም ፉጨት ሰማን፣ ከዚያ ጸጥ። በዚያች መኪና ፍሬኑም ማርሹም የሚሠራው በአየር ነው። አየሩ ሲያልቅ ፍሬኑ በራሱ ጎማዎቹን ነክሶ ይይዛል፤ በሬ ቢጠመድባት ንቅንቅ አትልም። መለዋወጫ ቱቦ አልያዝንም። አዋላጇ አፍንጫዋን ወደ አንዱ ግንብ፣ ጅራቷን ወደ ማዶው ቦይ አድርጋ መንገዱን እንደ መቀርቀሪያ ዘጋችው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጊዮርጊስ ታቦት ወደ ጃንሜዳ የሚወርደው በዚያው መንገድ ነው።

የአራዳ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝም ይላል? «ብረቷም ጋድ ይዛለች እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላው ታቦቱን ሳትሳለም አልሄድም ብላ ነው አለ። ይሄንን አብሬ ሳቅኩ። ከሕዝቡ መሃል ግን «ታቦት አጋጁ» የሚል ድምፅ ስሰማ ሳቄ ቆመ። አራዳ ውስጥ ስም አንዴ ከወጣልህ ወጣልህ ነው፤ እስከ ልጅ ልጅህ ይከተልሃል። የአባቴ ልጅ ታቦት አጋጅ ተብሎ ሊቀር ነው፤ በእናቴ በኩል እንኳ ከዚያ በኋላ የሚሉት አይኖራቸውም።

የመቶ አለቃው በሬዲዮ ሌላ ጎታች ጠየቀ። ነገ ነው የሚደርስላችሁ ተባለ። እንግዲያው ታቦቱ በሌላ መንገድ ይሂድ አለ። እኔ ግን በዚያ ቁልቁለት ግራና ቀኝ ከአልጋ ወርደው ጃንሜዳ መሄድ የማይችሉ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት በደጃቸው የሚያልፈውን ታቦት እንደሆነ አውቃለሁ። ወጣቶቹ ተሰብስበው ገፏት፤ ላባቸው ተንቆረቆረ እንጂ እሷ አልሰማቻቸውም። እየዞርኩ አስረዳኋቸው። ከየጎማው ስር ያለውን ብሎን ፈትተን ፍሬኑን ብናስለቅቃት ያለ ምንም ፍሬን ድልድዩ ድረስ ትበርራለች። ዊንቹን አስረን እንዳንይዛት የምናስርበት የለም፤ አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ይናዳሉ፣ የመብራት እንጨቱ ይነቀላል። ትንሽ ዝቅ ብሎ የእንጨት መጋዘን ሰፊ በር አለ፤ እዚያ ድረስ ቀስ ብላ ብትወርድልን ጥግ ትይዝ ነበር።

አባቴ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አዋላጇን ከፊት እስከ ኋላ ዞረው፣ ኮት እንደሚቆርጥ ሰው በዓይናቸው ለኳት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ብንለቃት መሪዋን ትችለዋለህ?» አሉኝ።

እናቴ እዚያ አልነበረችም። ለእኔ ነው ያሉት፣ ቀጥታ ለእኔ።

«መሪዋን እችላለሁ፣ አባባ። የማልችለው ክብደቷን ነው።»

የመቶ አለቃው በትሕትና ጣልቃ ገባ፤ «አባት፣ ይሄን የሚጎትት መኪና እንጂ ሰው አይደለም» አላቸው። አባቴ ቀስ ብለው አዩት።

«መጎተት የእናንተ ሥራ ነው፣ ልጄ» አሉት። «ማውረድ የእኛ ነው።»

መቶ አለቃው አልገባውም። እኔ ገባኝ። የዕድር ሰው ሬሳ ሳጥን በገመድ ወደ ጉድጓድ ሲያወርድ ያየ ያውቀዋል፤ አንዱ ቶሎ ቢለቅ ሳጥኑ ይገለበጣል፣ አንዱ ቢያጠብቅ ይንጠለጠላል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ጎረቤታቸውን ሳያንገጫግጩ ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው። አባቴ የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ባዩን አስጠርተው ንፋ አሉት። ባዩ ግራ ገባው። ጡሩምባው የሚነፋው ለሞት ብቻ ነው፤ በዓል ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አይነፋም።

«ማን ሞተ ልበል፣ ጋሽ ተካ?» አላቸው።

«ማንም አልሞተም በል» አሉት። «እንዳይሞት ነው በል።»

ጡሩምባው በዚያ ጠራራ ፀሐይ ሲጮህ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በሮች ተበረገዱ። ሴቶቹ የበዓል ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ ግማሹ ተሳደበ፣ ግማሹ ሳቀ፣ ሁሉም ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረ። የብረት ገመዱ እጅ ይቆርጣልና ወፍራሙን የመጎተቻ ገመድ ከጅራቷ መንጠቆ ላይ አሰርን፤ የዕድሩ የድንኳን ገመድም ተጨመረበት። ሕዝቡ ሽቅብ ተሰልፎ ያዘ። አባቴ ከሁሉም ፊት፣ ለመኪናዋ ቅርብ የሆነውን ቦታ ያዙ። መቶ አለቃው ትንሽ አመነታና ቆቡን ኪሱ ከትቶ ከአንዲት እንጀራ ሻጭ ኋላ ተሰለፈ። ከጎማዎቹ ፊት ድንጋይ ደርድረን ብሎኖቹን ፈታን። እኔ ብቻዬን ገባሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይገባ አልኩ።

በመስታወቷ የሚታየኝ ግንብና ትንሽ ሰማይ ነው። ከኋላዬ ያለውን ማየት አልችልም። ድንጋዮቹ ሲነሱ ከስሬ ተንቀሳቀሰች። ገመዱ ጠበቀ፣ ቆመች። ከዚያ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ «ላላ… ያዝ። ላላ… ያዝ።» በመቃብር ጉድጓድ አፋፍ የሚሉት ያንኑ ነው። ሳልሞት የምወርደው የመጀመሪያው የሰፈራችን ሰው እኔ ነኝ ብዬ ሳቅ ሊያፍነኝ ደረሰ። ወዲያው አንድ ሰው ሸርተት ብሎ ወደቀና አዋላጇ ዘለለች። ጩኸት ተነሣ። መሪውን ጨብጬ ድልድዩን አሰብኩ። ግን አንድ ነገር ያዛት፤ ተንገጫግጫ ቆመች። «ላላ» አሉ አባቴ፣ ድምፃቸው አንዲት ነገር ሳይዛነፍ። እንዲህ እንዲህ እያልን ወደ መጋዘኑ በር አስገባኋት፤ ከጎማው ስር ድንጋይ ተወተፈ።

ታቦቱ ሲያልፍ መንገዱ ክፍት ነበር። እልልታው፣ ከበሮው፣ የጃንጥላው ወርቅ፤ በየደጃፉ ያሉት አዛውንት ተሳለሙ። እኔ በግሪስ የጠቆረ ልብሴን እንደለበስኩ የአባቴን ጉልበት ልስም ሄድኩ። ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከትተዋል። «ሂድ፣ ታቦቱን ተከተል» ብቻ አሉኝ።

ከበዓሉ በኋላ ሱቃቸው ሄድኩ። አንድ ደንበኛ ሱሪው ለምን እንደዘገየ ሲጠይቅ በሩ ላይ ደረስኩ። አባቴ በጨርቅ የተጠቀለሉ እጆቻቸውን አሳዩትና «ካውያ አቃጠለኝ» አሉት። ሁለት እጅ በአንዴ የሚያቃጥል ካውያ አላውቅም። አዋላጇ የዘለለች ጊዜ ከፊት ያሉት ሌሎቹ ለቀው ነበር ማለት ነው፤ እሳቸው አልለቀቁም። ደንበኛው ሲወጣ አዩኝ። ሰላም እንኳ ሳይሉኝ መርፌውን ወደኔ ገፉልኝ።

«ክሩን አስገባልኝ» አሉ።

አስገባሁላቸው። እዚያ አላለቀስኩም፤ ያለቀስኩት ውጭ ወጥቼ ነው።

ዛሬ ያ ገመድ ላይ አልነበርኩም የሚል የሰፈራችን ሰው አታገኝም። ነበርኩ ያለው ሁሉ ነበረ ከሆነ አዋላጇ መውረዷ ቀርቶ እንጦጦ ትወጣ ነበር። አባቴ ሲሞቱም ያወረድናቸው እነዚያው ሰዎች ሆነን ነው። ባዩ አርጅቶ በሰው ተደግፎ «ላላ… ያዝ» ሲል እጄ ሳላዘው ያውቀው ነበር፤ አንዴም አላንገጫገጭናቸውም። አሁን ቁልቁለቱም የለም፤ ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየከተማው ዳር ተበትኗል። ዕድሩ ግን አልፈረሰም። ስልክ ይደወላል፣ ከየአቅጣጫው በታክሲ እየተሳፈርን እንደርሳለን።

አስተናጋጁ ሲኒዬን ሊያነሣ ተመልሶ መጣ። ዕድር አለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ገና ወጣት ነኝ» አለ።

«እኔም ያኔ ወጣት ነበርኩ» አልኩት።