ማንም ያልወደደው አንደኛ ዘፈን

እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ካዚኖዎቹ ተዘግተው፣ ካርታ ከማደልበት ጠረጴዛ ተነስቼ ቤት በዋልኩበት ዓመት የሳቅሁትን ያህል በሕይወቴ ስቄ አላውቅም። ይህን ስል የሚቆጣኝ ሰው አለ። ምን ላድርግ? ፍቅር ይዞኝ ነበር። ለጥቅምት ሙሽራ ልሆን ነበር። በእጮኛዬ ወላጆች ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ጁክቦክስ ነበረ።

ጁክቦክሱ የአባቷ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በስደት በሱዳን በኩል መጥተው፣ ዳውንታውን ባለ ሆቴል በጥበቃ ሲሠሩ ኖሩ። አንድ ባር ዕቃውን ለሽያጭ ሲያወጣ፣ ሳንቲም እየበላ ሸክላ የሚያጫውተውን ያንን ግዙፍ ሣጥን ገዝተው አመጡት። ሸክላዎቹ ሮክ ኤንድ ሮል ገና ዳዴ ሲል የወጡ ናቸው። ቃላቸውን በቅጡ የሚሰማ ስላልነበረ እኛው ስም አወጣንላቸው። ፒያኖው ምጣድ ላይ እንዳለ ገብስ የሚንጣጣውን «ቆሎ» አልነው። ዘፋኙ አንዲት ቃል ጀምሮ እስኪጨርስ ሻይ የሚቀዘቅዝበትን ደግሞ «እርጎ»።

እሁድ እሁድ ቅዳሴውን በስልክ ተከታትለን፣ ምሳ በልተን፣ ጓሮ ውስጥ ተራርቀን ተቀምጠን ለዘፈኖቹ ደረጃ እናወጣለን። ሐሳቡ የጋሼ ነው። «በዚያ ዘመን ደረጃው አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ» ይሉናል በየሳምንቱ፣ አዲስ ነገር እንደሚነግር ሰው። «በሱቅ የተሸጠው ለብቻ፣ ሬዲዮ ያጫወተው ለብቻ፣ ጁክቦክስ ላይ ሰው ሳንቲም የጣለበት ለብቻ ነበር የሚቆጠረው።» እኛ ግን የራሳችን መንገድ ነበረን፤ እጅ እናወጣለን።

ጉዱ እዚያ ላይ ነው። እርጎ ሲጠራ እትዬ፣ የእጮኛዬ እናት፣ እጃቸውን ያወጣሉ። እሳቸው ሲያወጡ ጋሼ ያወጣሉ። ጋሼ ሲያወጡ ጎረቤቶቻችን ባልና ሚስቱ ይከተላሉ። እኔስ? የሰው ልጅ ሊያገባ የተዘጋጀ ሰው በልጅቷ አባት ላይ ድምፅ ይሰጣል? ቢፈቀድልኝ ሁለቱንም እጄን ባወጣሁ። እጮኛዬ ብቻዋን ለቆሎ እጇን ታወጣለች፣ እርጎ ክረምቱን ሙሉ አንደኛ!

ነገሩ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር። አዳራሽ ስላልተገኘ ሠርጉ እዚያው ጓሮ እንዲሆን ሲወሰን ግን፣ ጋሼ «ሙሽሮቹ የሚገቡት በመጨረሻው እሁድ አንደኛ በሚወጣው ዘፈን ነው» ብለው አወጁ። እልልታ ሆነ። እጮኛዬ ክው አለች።

ነርስ ናት። በዚያ ክረምት ከሺፍት ስትመለስ ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ፣ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ቆሎን ተጭና ብቻዋን መጨፈር ነበር። የዚያን ቀን ማታ ስልክ ደወለችልኝ።

«አንተ እርጎ ትወዳለህ?»

«አልወድም።»

«ሶ ለምን እጅ ታወጣለህ?»

«አባትሽ ናቸዋ!»

«ኦ ማይ ጋድ። እኔ በእርጎ አልገባም። ሆስፒታል ውስጥ ሳድ ነገር በጣም ብዙ አየሁ። ሠርጌ ላይ መሮጥ እፈልጋለሁ። ለአባዬ ንገረው።»

ልቤ ተነካ። ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጋሼን ሳይ ስለ አየሩ ብቻ አወራሁ።

የመጨረሻው እሁድ ደረሰ። እጅ ልናወጣ ስንል እጮኛዬ ብድግ አለች።

«አባዬ፣ እጅ ማውጣት ካንስል እናድርግ። አንተ ሁሌ ትላለህ፣ ጁክቦክስ ላይ ሰው የራሱን ይመርጣል። አንድ አንድ ሰው ይግባ፣ በሩን ይዝጋ፣ የሚፈልገውን ፕሌይ ያድርግ።»

ጋሼ በራሳቸው ትምህርት ተያዙ። «ይሁን፤ ታላቅ ይቅደም» ብለው ገቡና በሩን ዘጉ።

ውጭ ያለነው እርጎን ለመቀበል ፊታችንን አዘጋጀን። እትዬ ዘፈኑ ገና ሳይጀምር ራሳቸውን ቀስ ብለው መነቅነቅ ጀመሩ። ሳንቲሟ ቃ አለች። ከዚያ ቆሎው ተንጣጣ!

ወደ ጋራዡ ትንሽ መስኮት ተሯሯጥን። ያ ስንት ዘመን ሆቴል በር ላይ ፊቱን ሳይፈታ የቆመ ሰውዬ፣ ከዘራውን ጥሎ፣ ጉልበቱን እያጠፈ እየዘረጋ፣ ጣቶቹን እያጮኸ ይጨፍራል። እትዬ በሩን በርግደው ገቡ።

«ምነው! እርስዎ የሚወዱት እርጎን አይደለም?»

«ማን? እኔ? እጅሽን ቀድመሽ የምታወጪው አንቺ!»

«እኔማ ለእርስዎ ብዬ ነው! የመጀመሪያው ቀን ዓይንዎን ጨፍነው ተመስጠው አይቼ!»

«ኧረ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው!»

ጎረቤታችን «እኛም ለእናንተ ብለን ነው» አለ ከኋላ። ክረምቱን ሙሉ ያነገሥነውን ዘፈን ከመካከላችን አንድም የሚወደው አልነበረም። እጮኛዬ በሳቅ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ገባሁና፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ጋሼ ዓይን ሥር ቆሎን ተጫንኩ። እንደዚያ ቀን ጀግንነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ በቆሎ ገባን። እሷ ሮጠች፣ እኔ ተከተልኩ፣ ቬሏ የአጥሩ በር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁሉም ደክሞት ሲቀመጥ ጋሼ በዝግታ ወደ ጁክቦክሱ ሄዱ። እርጎ ጀመረ።

«አባዬ!» አለች ሙሽራዬ።

«ምን ላድርግ ልጄ? ይህን ያህል ጊዜ አንደኛ ያልነውን፣ ሳንጠራው ብንቀር ምን ይለናል?»

እትዬ ከተቀመጡበት እጃቸውን አወጡ። ጋሼም አወጡ። ከዚያ እኛ ሁላችን፣ በሳቅ እየፈረስን፣ ሙሽራዋም ጭምር።