ያስቀረሁት ዓረፍተ ነገር

መስከረም በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቀጨኔ ከፍ ብሎ ባለው የቤተ ክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት፣ የአንድን ሰው ንግግር ግማሹን አስቀርቼ ግማሹን ለሽማግሌዎች ጉባኤ አነበብኩ። ሰውየው ከአገልግሎት ታገደ። ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም።

ሰውየው ወንጌላዊ ገመቹ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ወጣቶቻችን ስብከቱ ሳይጀመር ሹልክ ብለው ይወጡ ነበር። ገመቹ አልተቆጣቸውም። እሑድ ከሰዓት ሰበሰባቸውና ባዶውን የመባ ከረጢት አዞረባቸው፤ በገንዘብ ፋንታ ጥያቄ ጽፈው፣ ስማቸውን ሳይጠቅሱ እንዲከቱበት። ከዚያ አንድ በአንድ እያወጣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይመልሳል። ያልገባው ሲመጣ፣ "ይቺን እኔም አላውቃት፤ ቀጣይ!" ይላል፤ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ብዙ ሳይቆይ መቀመጫ ጠፋ።

እኔ ያን ጊዜ ሽማግሌ ነበርኩ፤ በሙያዬ ጋዜጠኛ። ከእርሱ በፊት እነዚያኑ ወጣቶች ለመመለስ ሦስት ዓመት አስተምሬ አንዱንም አልመለስኩም። ቀናሁበት። "የትምህርቱ ንጽሕና አሳስቦኝ ነው" እያልኩ ራሴን አታልዬ ነበር፤ ውሸት ነው። እናቶች ከአምልኮ በኋላ እኔን አልፈው እርሱን ሲስሙ ቀናሁ። ወጣቶቹ ሲስቁለት ቀናሁ። በእኔ ትምህርት ማን ስቆ ያውቃል?

አንድ እሑድ ከኋላ ተቀምጬ በስልኬ እቀዳ ነበር። ገመቹ ከከረጢቱ አንድ ወረቀት አውጥቶ አነበበ፦ "አንተ ራስህ ተጠራጥረህ ታውቃለህ?" ልጄ ሊዲያ አንገቷን ደፋች። ጥያቄው የእርሷ ነበር። በየቀኑ አንድ ገበታ ላይ እንቀርባለን፤ እኔን አንድም ቀን እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

እርሱም መለሰላት፦ "እግዚአብሔር መኖሩን የምጠራጠርባቸው ቀኖች አሉኝ። በእነዚያ ቀኖች እናንተ ስትዘምሩ እሰማና በእናንተ እምነት ተደግፌ እቆማለሁ።"

ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ጻፍኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን አሰፈርኩ። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም። ሽማግሌዎቹ በሥራ ዘመኔ ማስተባበያ ወጥቶብኝ እንደማያውቅ ያውቁ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩትን መታመን አንድ ሰው ለመጣል አዋልኩት።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ተሰማ ገመቹን አስጠሩት።

"ብለሃል ወይስ አላልክም?"

"ብያለሁ፤ ግን ጋሼ..."

"ግን የለም። ብለሃል?"

ገመቹ ወደ እኔ ዞረ። ሲያየኝ ፊቱ ፈታ አለ።

"ጋሽ ዳንኤል እዚያው ነበሩ'ኮ፤ ቀድተውታል። እስቲ እርስዎ ይንገሯቸው።"

ምስክሬ ብሎ ጠራኝ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔም፣ "ያነበብኩት ቃል በቃል ያለው ነው" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምለው ባገኘሁ ነበር። አልፈራሁም። አስቤበት ነው ያደረግኩት።

እገዳው ከጌታ እራትም የሚያስቀር ነበር። በቀጣዩ ወር እንጀራውን በትሪ የማዞረው እኔ ነበርኩ። እርሱ ዘንድ ስደርስ ሳይነካ ለጎረቤቱ አሳለፈው። ደስ አለኝ። አዎ፣ ቅዱሱን ትሪ ይዤ ደስ አለኝ። ይህን የሚሸፍን ምን ምክንያት አለኝ?

ያን ቀን ሊዲያ ቤት ጠብቃኝ፣ "አባዬ፣ የቀረውንስ ነገርካቸው?" አለችኝ።

"የጉባኤ ነገር እቤት አይወራም" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ስለ እምነት ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። እሑድ መምጣቷንም ተወች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ከረጢቱም ወደ መባው ተመለሰ።

በዚህ ወር ቅጂውን ይዤ ጋሽ ተሰማ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አዳመጡት። "ሰባት ዓመት ያለፈውን ምን ብለን እንቀስቅሰው? ምእመኑ ይረበሻል" አሉኝ። በጉባኤ ፊት እንዳነበው አልፈቀዱልኝም። እዚህ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ገመቹ ቤት ሸጎሌ ሄድኩ። አሁን የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። እንዳስቀረሁት ነገርኩት።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እርስዎ'ኮ ነዎት የተናገሩት። ማን እኔን ያምናል?"

ይቅርታ ጠየቅኩት። ሻይ አስቀዳልኝ፤ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አጫወተኝ፤ እስከ ታክሲው ሸኘኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም እንዲለኝ አልወተወትኩትም።

ከራሱም ከባለቤቱም አረጋግጫለሁ፦ ከታገደ ወዲህ በየትኛውም ጉባኤ ፊት አንድም ቀን ቆሞ አልሰበከም።