ተሽከርካሪው በአካል ይቅረብ

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ወርጄ ሥራ ልገባ ስል... የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ጀልባ ቆማለች።

እውነተኛ ጀልባ። የእንጨት፣ አፍንጫዋ ሰማያዊ የተቀባ፣ ከኋላዋ ሞተር የተገጠመላት። አሮጌ የጭነት መኪና ላይ በገመድ ታስራ ጭራዋ መንገድ ላይ ወጥቷል። ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ መቆም የሚፈራበት ጊዜ። ያን ቀን ግን ሁሉም ረስቶት ጀልባዋን ከቧል።

አንድ የታክሲ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባባ፣ የጥፋት ውሃው መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ።

ጀልባዋን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ ጥያቄውን የምር አድርገው ወሰዱት። «እኛ አገር ክረምቱ ሰኔ ላይ ነው የሚገባው» አሉት። ሰዉ ሳቀ። እኔም ስቄ ገባሁ።

ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

የኛ ቢሮ የነዳጅ ኩፖን የሚሰጥ ነበር። ቤንዚን ዋጋው በላይ በላዩ ጨምሮ፣ ያም አልበቃ ብሎ በራሽን ሆኗል። ያለ ኩፖን ማደያ ሄዶ መቅዳት የለም፣ በጓሮ የሚሸጠው ደግሞ አይቀመስም። የኔ ሥራ ማመልከቻ መቀበልና መልስ መላክ ነው። መልሱ አስቀድሞ ተባዝቶ የተቀመጠ ወረቀት ነው፤ ስም ሞልቼ እፈርማለሁ። ማንበብ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ያኔ ብዙ ነገር ትቼ ነበር... መናደድም፣ ማዘንም። ትናንት አጠገቤ የነበረ ሰው ዛሬ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳገኘው የት ሄደ ብዬ አልጠይቅም ነበር።

«ጥላዬ እባላለሁ፣ ከዝዋይ ነው የመጣሁት» አሉ ሽማግሌው። «በአምስት ሰው ያቆምነው የዓሣ ማኅበር አለን። ዓሣው ከዳር ሸሽቷል ልጄ። መረብ የምንጥለው መሀል ሐይቅ ነው። በመቅዘፊያ ደርሰን እስክንመለስ ዓሣውን ፀሐይ ያበላሽብናል። ሞተሯ ደግሞ ያለ ቤንዚን ብረት ናት። ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ የዓመቱ ገበያችን እሱ ነው። ይቺን ጾም ካልሠራንባት ማኅበሩ ይበተናል።»

ከዚያ ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጡ። «ይኸው፣ ባላችሁት መሠረት አምጥተናታል።»

ደብዳቤው ላይ ያለው የኔ ፊርማ ነው። «ተሽከርካሪው በአካል ቀርቦ ሲመረመር ጥያቄዎ የሚታይ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ለመኪና የተዘጋጀው ወረቀት ነው። ማመልከቻቸውን ሳላነብ ፈርሜ ልኬዋለሁ።

ተሳስቻለሁ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መርማሪያችንን ጓድ ሙሉጌታን ጠራሁት።

ጓድ ሙሉጌታ ፎርሙን ይዞ ወረደና መኪናው ላይ ወጣ። ጀልባ መሆኗን እያየ ፎርሙን ከላይ ጀምሮ መጠየቅ ያዘ።

«የጎማ ብዛት?»

«የላትም።»

«ፍሬን?»

«የላትም።»

«ታዲያ በምን ትቆማለች?»

«መሬት ስትደርስ ትቆማለች» አሉ ጋሽ ጥላዬ።

ጻፈው። የተሽከርካሪ ዓይነት በሚለው ቦታ ጀልባ የሚባል ምርጫ ስላልነበረ «ሞተር ሳይክል» ብለን ሞላን፤ የተፈቀደላትም የሞተር ሳይክል ያህል ቤንዚን ነው። ማኅተም መታሁና የወሩን ኩፖን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት።

ለምሳ ስወጣ መኪናው አሁንም እዚያው ነው። ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጧል፣ ጋሽ ጥላዬ ኩፖኑን ይዘው ከታች ቆመዋል።

«ምነው፣ አልሄዳችሁም?» አልኳቸው።

«መኪናው ነዳጅ አለቀበት። ሽንኩርት የሚጭንበትን ሰው ለምነን ነው ያገኘነው፣ ቤንዚኑን ቻሉ ብሎን። ስንመጣ ለጀልባዋ ያጠራቀምነውን ጠጥቶ ጨረሰው።» ኩፖኑን አዩት። «አሁን ደግሞ ያለችን ይቺው ናት።»

«ሞተሩን ብቻ ፈታችሁ ብታመጡት አይሻልም ነበር?»

«ደብዳቤው ተሽከርካሪው በአካል ይቅረብ ነው ያለን። እቃ ጎደለ እንዳንባል ፈራን። ከመንግሥት ጋር ማን ይከራከራል?» ከዚያ ዓይኔን አይተው ጠየቁኝ። «ደንቡ ነው አይደል ልጄ?»

«አዎ፣ ደንቡ ነው» አልኳቸው።

መኪናውን ቁልቁል ለቀው እያንከባለሉ ታች ያለው ማደያ አደረሱት፤ እኔም ለምሳ በዚያው ነው የምወርደው። ቀጂው ኩፖኑን ተቀበለ፣ ጀልባዋን ቀና ብሎ አያት፣ ቱቦውን መኪናው ውስጥ ከተተ። ለምን ብሎ አልጠየቀም። የወሩ ቤንዚን እስከ ጠብታው መኪናው ሆድ ውስጥ ገባ። ጋሽ ጥላዬ መኪናው ላይ ሆነው እጃቸውን አነሱልኝ... «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉኝ።

ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ምንም። ሄጄ ምሳዬን በላሁ፣ ከሰዓት ተመልሼ ስፈርም ዋልኩ።

በሚቀጥለው ወር ኩፖናቸውን የሚወስድ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም። ዓመት አልፎ ያ የመኪናው ሹፌር ለራሱ ጉዳይ ቢሮ ሲመጣ ጠየቅኩት። ጾሙ እንዳመለጣቸው ነገረኝ። ሞተሩን ሸጠው ተካፍለዋል፣ ሦስቱ የቀን ሥራ ገብተዋል። ጋሽ ጥላዬና አንድ ጓደኛቸው ከዳር ከዳር በመቅዘፊያ የምትገኘዋን ይለቃቅማሉ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ የሱን ፎርም እየሞላሁ ነበር።

ያመመኝ አሁን ነው፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ማንንም የማልፈራበት ዕድሜ ላይ ደርሼ።

ሰዎቹ የለመኑት ሐይቁ መሀል የሚያደርስ ቤንዚን ነበር... እኔ ጀልባቸውን ፒያሳ አደረስኩላቸው።