መጽሐፉ «ምርጥ» ያለው ጠመንጃ

ሌላንድ ትቬት በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ባለች አንዲት ከተማ የአሮጌ የአደን ጠመንጃ ዋጋ የሚጠየቅ ሰው ነበር። ዕድሜውን በእህል ጎተራ የሠራ ጡረተኛ ነው እንጂ ጠመንጃ ሠሪ አይደለም። ሥልጣኑ በየዓመቱ የሚታተም አንድ ወፍራም የዋጋ መጽሐፍ ነው። ሰው ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል፤ እሱ ከፋብሪካ የወጣበት ቀለም ምን ያህል እንደቀረለት ያያል፤ ገጹን ገልጦ ይፈርዳል። ሲፈርድ ደረቱ ትንሽ ነፋ ይል ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነው።

በዚያ መስከረም አማቹ ሮጀር ለሚስቱ ልደት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሊገዛ ፈልጎ አማከረው። ሚስቱ ጆይስ የሌላንድ አንድ ልጅ ናት። ጠመንጃው ያረጀ ያፈጀ ቢሆንም ያብረቀርቃል።

«መጽሐፉ ምርጥ ይላል። ዓይንህን ሳታሽ ግዛ!» አለው ሌላንድ።

የዱር ዶሮ አደን በሚከፈትበት ቅዳሜ አገሩ ሁሉ እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ ተሰብስቦ ፓንኬክ ይበላል። ተኩስ የሚፈቀደው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ ማንም አይቸኩልም። ሌላንድ ረፋዱ ሊያልቅ ሲል እየበላ ሳለ አርቪድ የሚባል ሽማግሌ ጎረቤቱ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አንተ ሌላንድ፣ ያንን ሮጀር የገዛውን የወንድሜን ጠመንጃ ምርጥ ነው አልክ አሉ?»

«መጽሐፉ ነው ያለው።»

«መጽሐፉ ወንድሜን የት ያውቀዋል? የአፈሙዙን ውስጥ ዝገት በልቶት ነበር እኮ! ዝገቱን ላጥፋ ብሎ ፍቆ ፍቆ ብረቱን እንደ ወረቀት አሳሳው። ከላይ ደግሞ አዲስ ቀለም ነከረው። ለግድግዳ ጌጥ ነው እንጂ ማን ይተኩስበታል?»

ሌላንድ ሹካውን አስቀመጠ። ቀለሙን አየ እንጂ የብረቱን ውፍረት አልለካም። መጽሐፉ አልጠየቀውም፤ እሱም አልጠየቀም። የሳሳ ብረት ሲተኮስበት ይፈነዳል፤ ጆይስ ስትተኩስ ግራ እጇን የምታሳርፈው ደግሞ አፈሙዙ ሥር ነው።

ፒካፑን አስነሥቶ በጠጠሩ መንገድ በረረ። ስልክ ኪስ ውስጥ የማይገባበት ዘመን ነው፤ ከመድረስ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ፈራ። ሚስቱን ሲቀብር እንኳ እንዲህ አልፈራም። ጆይስ በየእሑዱ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን የምትጫወትባቸው ጣቶች ዓይኑ ላይ መጡበት። የፒካፑን ጡሩምባ ቢነፋም ነፋሱ ወደ ኋላ ይመልስበታል።

ጆይስና ሮጀር ከሚያድኑበት የበቆሎ ማሳ ሳይደርስ እኩለ ቀን ሆነና ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ብዙ። የእሷ የትኛው እንደሆነ በምን ይለይ?

አዳኞቹ በቆሎው ውስጥ እየሄዱ ወፉን ሲያባርሩ ጆይስ ከማሳው ጫፍ ሆና ትጠብቃለች። ሌላንድ ከፒካፑ ወርዶ ሮጠ። ቆማለች። እግሯ ሥር አንድ አውራ የዱር ዶሮ ወድቋል።

«አባዬ! አየኸው? በግራው አፈሙዝ፣ በአንድ ጥይት! መጽሐፍህ አልዋሸም!» አለችና ሌላ ጥይት አጎረሰች።

 ጠመንጃውን ነጠቃት፤ ጥይቶቹን አውጥቶ ጣለ። በግራው አፈሙዝ ላይ አውራ ጣቱን ቀስ እያለ አስኬደ። እጇን ከምታሳርፍበት በላይ ጣቱ ቆመ። ብረቱ ባቄላ የሚያህል አብጧል፤ ገና ትኩስ ነው።

«አምጣው እንጂ! ለዛሬ ከተፈቀደልኝ ገና ሁለት ዶሮ ይቀረኛል» አለች እየሳቀች።

ጠመንጃውን ሣሩ ላይ ጥሎ ግራ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«አባዬ! ምን ሆነሃል? እጄን ልቀቀኛ!»

አልለቀቃትም።