የጋሽ ደዋይ ደብተር

ጋሽ ደዋይ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው አላውቅም፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ስቀጠር ስሙ ቀድሞኝ ነበር። ዘበኛውም ሐኪሙም ጽዳት ሠራተኛዋም በዚሁ ነው የሚጠሯቸው። ሥራቸው መደወል ነው። ኩላሊት እጥበት ክፍል በር አጠገብ ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ቆሞ በሚያወራባት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሃያ አንድ ዓመት ደወሉ። ክራባት ሳያስሩ ገብተው አያውቁም። “በስልክ ማን ያይዎታል?” ብላ አንዷ ነርስ ብትቀልድባቸው፣ “ድምፄ ያውቃል” አሏት። ሚስታቸው ደግሞ ቤት ሲገቡ ዝም ስለሚሉ፣ ቃሉን ሁሉ እዚያ ጨርሶ ነው የሚመጣልኝ ትላለች።

ማሽኖቹ ስድስት፣ ታማሚዎቹ ሃምሳ አንድ ናቸው። እያንዳንዱ በሳምንት ሁለቴ ይታጠባል። ማሽን ሲበላሽ፣ ውሃ ሲቋረጥ፣ መብራት ሲጠፋ ተራ ይዛወራል፤ ያኔ ሁሉም ቤቱ ሳለ መስማት አለበት። አንድ ተራ ያለፈው ሰው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለት ያለፈውን ጋሽ ደዋይ በአፋቸው አይጨርሱትም ነበር። “ሁለት አይለፍ” ብቻ ይላሉ።

ሁሉም ነገር ያለው ደብተራቸው ውስጥ ነበር። ከየስልኩ ጎን በእርሳስ የተጻፈ አለ። “የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም፤ ሁለቴ አስጠርተህ ዝጋ፣ ራሱ ይደውላል።” “ስልኳን ባሏ ነው የሚይዘው፤ ከተኳረፉ ለእህቷ ንገር።” “ልብስ ሰፊዋ፦ ስልኳ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ለጎረቤቷ ለፀጉር አስተካካዩ ደውል፣ ሮጦ ይነግራታል።” የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ግን ያ የሞተ ስልክ ቁጥሯ አሁንም እንዳለ ነበር።

ከዚያ ጆሯቸው ደከመ። ደብቀውት ነበር፤ የስልኩን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍተው፣ በሩን ዘግተው ያወራሉ። አንድ ቀን ግን ማክሰኞ የተባለውን ረቡዕ ብለው ጻፉና ነገሩ ወጣ። ኃላፊያችን ያን ጊዜ ነው እኔን የጠራኝ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ እኔ ነኛ። ጥሪውን በራሱ የሚልክ አውቶሜሽን ፕላትፎርም እንድተክል አዘዘኝ፤ ተራ ሲዛወር ማሽኑ ለሁሉም መልእክት ይልካል፣ ጋሽ ደዋይም በክብር ጡረታ ይወጣሉ።

ከሂሳብ ክፍል የተጣሉ ሦስት ኮምፒውተሮች ተሰጡኝ። ዕቃ ቤት፣ ሳሙናና በረኪና ከተደረደረበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ በገመድ አገናኘኋቸውና አንድ ክላስተር ሠራሁ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲረከብ። ፕላትፎርሙ የሚሮጠው ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ኮንቴይነር ማለት ፕሮግራሙን ከነጓዙ የሚይዝ ሣጥን ነው በሉት፤ ሲበላሽ ማንም አይጠግነውም፣ ክላስተሩ ይጥለውና አዲስ ያስነሳል። ስለዚህ እንዳይጠፋ የሚፈለግ ነገር ከሣጥኑ ውጪ፣ ቋሚ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። በእኛ ሙያ ይሄ ሀ ሁ ነው። ተማሪ እንኳ ቢስተው እቆጣለሁ።

እኔ ሳትኩት። ኃላፊው ከሰዓት በፊት ማየት ስለፈለገ ለሙከራ በሚለው መንገድ፣ ሁሉን ሣጥኑ ውስጥ እንደያዘ አስነሳሁትና ቋሚውን ዲስክ ነገ አያይዘዋለሁ አልኩ። ሙከራው ሠራ፣ ተጨበጨበልኝ። በነጋታው ሌላ ሥራ መጣ፣ ከነጋታውም እንዲሁ። ሙከራው ሥራ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ሙሉ በሙሉ ረሳሁት። ሰበብ አልፈልግለትም።

ሦስት ሳምንት ጋሽ ደዋይ አጠገቤ ተቀምጠው ደብተሩን አነበቡልኝ፣ እኔ ጻፍኩ። የማን ባል እንደሚቆጣ፣ የማን እናት መቀስቀስ እንዳለባት፣ አንድ ሳይቀር አስገባሁት። በየመሃሉ ቆም ይሉና፣

“ይሄንንም ያስታውሰዋል?” ይላሉ።

“ያስታውሳል፣ ጋሼ። ከእርስዎ በላይ።”

“ከኔ በላዩስ ይቅር። የኔን ያህል ይበቃል።”

ሲጨርሱ ደብተሩን ይዘው ሊሄዱ ፈልገው ነበር። ኃላፊው የታማሚ ምስጢር ከግቢ አይወጣም አለ፤ እውነቱን ነው። ደብተሩም ሌላውም ወረቀት ሁሉ ሊቀደድ ሲወሰን ደግሞ “በሙሉ ተመዝግቧል” ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ደዋይ ክራባታቸውን ፈተው ኪሳቸው ከተቱና ሁላችንንም ጨብጠው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት እንደ ሰዓት ሠራ፤ ጋሽ ደዋይ መውጣታቸውን ለታማሚዎቹ የነገረ ግን አልነበረም። ሰኞ ጠዋት መብራት ጠፋ። ሊታጠቡ የመጡት ሁሉ፣ ልብስ ሰፊዋም ጭምር፣ የምትመጡበትን ቀን እንልክላችኋለን ተብለው ተመለሱ። መብራቱ ሲመጣ ክላስተሩ የወደቀውን ሣጥን ጥሎ አዲስ አስነስቷል። ከፈትኩት። “እንኳን ደህና መጡ፤ የመጀመሪያውን ተጠቃሚ ይመዝግቡ” አለኝ። ሦስት ሳምንት ያስገባሁት ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። በረኪናው ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁን የምናገረው የሚያሳፍረኝን ነው። ያኔውኑ ጋሽ ደዋይ ቤት መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ቁጥሮቹን ከሆስፒታሉ መዝገብ ገልብጬ መለስኩና የተዛወረውን ተራ ላክሁ። ከሃምሳ አንዱም ስም ጎን “ተልኳል” የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ መጣ። ኃላፊው ሲጠይቀኝ “ትንሽ እርማት ነበር፣ አልቋል” አልኩት። የጠፋውን ከዲስኩ ፍርስራሽ ላወጣ ማክሰኞንም ረቡዕንም ዕቃ ቤት ተቀምጬ ቆፈርኩ። የቀሩ ታማሚዎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዶቹ አብጠው፣ ቤተሰብ ደግፏቸው መጡ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ዋናዋ ነርስ በሩ ላይ ቆመች።

“ልብስ ሰፊዋን ሰኞ ከመለስናት አላየኋትም። ወደ ማክሰኞ የተዛወረው ተራዋ አለፈ፣ ዛሬም የለችም። ነግረሻታል?”

“ተልኳል ይላል።”

“ማሽኑ ምን ይላል አላልኩሽም እኮ።”

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጋሽ ደዋይ ቤት ስደርስ ሚስታቸው ከፈተችልኝ። እሳቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው የወንበር እግር ይቸነክራሉ፤ እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

“መቼ ነው የጠፋው?”

“ሰኞ።”

“ዛሬ ሐሙስ ነው” አሉና መዶሻውን አስቀመጡ። “ከሁሉ በፊት ልብስ ሰፊዋ። ሁልጊዜም በእሷ ነበር የምጀምረው፤ ቤቷ ሩቅ ነው።”

ቁጥሩን ከየትም አላዩም፤ ጣታቸው ያውቀዋል። ከወንበሩ ጀርባ የተንጠለጠለ ኮታቸውን ለበሱና፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ደወሉ። ያ ሆስፒታሉ ሃያ አንድ ዓመት የሚያውቀው ድምፅ ወጣ።

“ሃሎ፣ ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኔ ነኝ ከሆስፒታል። እባክህ ለልብስ ሰፊዋ ሮጥ በልና ንገርልኝ፣ አሁኑኑ ትምጣ፣ ተራ አላት በላት። በታክሲ ትምጣ።” ከዚያ አዳመጡ። ስልኩን ወደ ግራ ጆሯቸው አዞሩት፣ መልሰው ወደ ቀኝ። “ምን አልክ? ጮክ በልልኝ፣ አልሰማ አልኩ።” ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። “እስኪ አንቺ ስሚው።”

ፀጉር አስተካካዩ እያለቀሰ ነበር።

“እትዬ ትናንት ማታ አረፉ” አለኝ። “ከሰኞ ጀምሮ በየሰዓቱ ብቅ እያሉ፣ ጋሼ አልደወለም ወይ ሲሉኝ ነበር። አልደወሉም አልኳቸው። እንሂድ ብላቸውም፣ ጋሼ ካልደወለ ተራዬ አልደረሰም፣ እሱ አይረሳኝም ብለው እምቢ አሉ። ለጋሼ ምን ብዬ ልንገራቸው? አንቺ ንገሪያቸው።”

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ደዋይ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፣ ኮታቸውን እንደቆለፉ። “ምን አለ? ትመጣለች?”

“ጋሼ” አልኩ ቀስ ብዬ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አጠገብ ተጠግቶ፣ እጅ ይዞ፣ በለሆሳስ ነው የሚነገረው።

“አልሰማሁሽም፣ ልጄ። ጮክ በይ።”

ሚስታቸው ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ እሷ ፊቴን አይታ ገብቷታል። እሳቸው ግን ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከበው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

“ሞታለች” ብዬ ጮህኩ።

አልሰሙም። ደግሜ ጮህኩ።