ቆሜበት ነበር

አሁን በምኖርበት አገር የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። አንዱን ሽማግሌ ከአልጋ ስናስነሣ የሥራ ባልደረባዬ ሁልጊዜ «ስቴዲ፣ ስቴዲ» ትላለች፤ ቀስ ብለው፣ ጸንተው ይቁሙ ለማለት ነው። ቃሏ ምንም ክፉ የላትም። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር በልቤ «አቤቱ ይቅር በለኝ» እላለሁ።

ቃሏን የተማርኳት በደርግ ጊዜ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ቃል ይሰጡንና አጠቃቀሟን ሰሌዳው ላይ ይደረድሩ ነበር። የማይንቀጠቀጥ እጅ ስቴዲ ነው። የማይቋረጥ ሥራም ስቴዲ ነው። ሳይበረታ፣ ሳያባራም የሚጥል ዝናብ፣ ሐሳቡ የማይወላውል ሰው፣ ፊሽካ እስኪነፋ መስመሩ ላይ የቆመ ሯጭ፣ ለሁሉም እሷው ናት።

አባቴ እህል በረንዳ ኩሊ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳውን አደርስለታለሁ፤ እሱም የምሳ ዕቃውን ገና ሳይከፍት «የዛሬዋን ቃል አምጪያት» ይለኛል። ያን ቀን እሷን ይዤለት ሄድኩ። ለብዙ ዓመት አብረውት የሚሸከሙት ጓደኛው አጠገቡ ተቀምጠዋል። የጉራጌ አገር ሰው፣ ሙስሊም ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው።

«የማይንቀጠቀጥ እጅ፣ የማያባራ ዝናብ፣ የማይቋረጥ ሥራ ስቴዲ ይባላል» አልኩ።

«ያቺ እኛ ጋ አልደረሰችም!» አለ አባቴ።

«እጅስ አልሽ?» አሉ ጋሼ። «የኔ እጅ ከኩንታል በኋላ የሻይ ብርጭቆም አይችል። ዝናቧን ስጪን በቃ፤ እሷን ክረምቱን ሙሉ እንጠግባለን።»

ተሳሳቁ። በማግስቱ ቃሏ ጣውላው ላይ ወጣች። ኩንታል የተሸከመ ሰው መኪና ላይ የሚወጣው በጣውላ ነው። የጣውላው ላይኛ ጫፍ የመኪናው ስፖንዳ ላይ ይደገፋል፤ ታችኛውን ጫፍ ሌላ ሰው ረግጦ ካልያዘው ይሸሻል። የሚወጣው «ስቴዲ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የረገጠው «ስቴዲ!» ይላል፤ ያኔ እግር ይነሣል። በሳምንቱ በረንዳው ሁሉ ተቀበላት። አባቴንም «የምሁሯ አባት» እያሉ ይተርቡት ጀመር፤ ደስ ይለው ነበር። አንዳንዴ ጋሼ ጣውላውን አስደግፈው ሌላ ኩንታል ለማንሣት ሲሄዱ እኔ እረግጥላቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ስለ ወዝአደር ክብር በየሰልፉ እንዘምራለን። ለክፍሌ ልጆች ግን አባቴ የመጋዘን ኃላፊ ነው ብያቸው ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴው ነኝ ያወራሁት።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ጣውላውን አስደግፈው ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። አባቴ ባቄላ ተሸክሞ «ስቴዲ?» አለ። «ስቴዲ!» አልኩት። አጋማሽ ላይ ሲደርስ መምህራችንን አየኋቸው። ከባለቤታቸው ጋር ጤፍ በእጃቸው ዘግነው እያዩ ወደ እኛ ይመጣሉ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ አውቃለሁ። እንዳያዩኝ ፈለግሁ። ከጣውላው ወርጄ ከተቆለለው ጆንያ ኋላ ገባሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት የባቄላውን መፍሰስ ነው። ከዚያ ጩኸት። ስወጣ አባቴ በጎኑ ተዘርሯል፤ ኩንታሉ ዳሌው ላይ ነው።

የኩሊዎቹ አለቃ ጋሼ ላይ ጮኸ። «ጣውላውን ያስደገፍከው አንተ!»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ቆመሽበት አልነበረም?»

«ቆሜበት ነበር። ከላይ ነው የለቀቀው» አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። ከጆንያው ኋላ ስወጣ አይተውኛል ብዬ ዛሬም አምናለሁ። «እንግዲያስ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

ወጌሻው ወር ሙሉ ተመላለሰ፤ ዳሌው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አባቴ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ጋሼን ከቡድኑ አስወጧቸው። አንድ ቀን ሙዝ ይዘው ሊጠይቁት መጡ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ከማንም ቢሆን እሺ፤ ካንተ ግን!» አለ። ሙዙን ከእጃቸው የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። «ይህ በስግደት ብቻ አይወጣም፤ ሄደሽ ንገሪያቸው» አሉኝ። ስግደቱን ሰገድኩ። መንገሩን ለፋሲካ አልኩ፤ ከዚያ ለፍልሰታ። እንዲህ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ጾሙን ግን አንድም ቀን አላጎደልኩም።

የመውጫ ቪዛዬ በስንት ደጅ ጥናት የተፈቀደልኝ ሳምንት ጣውላውን የለቀቅሁት እኔ እንደሆንኩ ለአባቴ ነገርኩት።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለ። «ዳሌዬ እንደሆነ ሄዷል። ለሱ ንገሪው።»

በማግስቱ ሄድኩ። ጋሼ እርጅና ተጫጭኗቸው፣ እዚያው እህል በረንዳ ጥግ ይዘው ገመድ ይሸጣሉ። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«የአባትሽ እግር እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«ስሜን ያነሣል?»

«ያነሣል» አልኩ። ከትናንት ጀምሮ እውነት ነበር።

ልነግራቸው ስል ገመድ የሚገዛ ሰው መጣ፤ እስኪሄድ ጠበቅሁ። ሄደ። «አገር ልለቅ ነው» አልኳቸው፤ ሌላ ነገር አልወጣኝም። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ። ለወላጆችሽ የምትደርሺ ያድርግሽ።» አሜን አልኩ፤ ያን ምርቃት ተቀበልኩት።

አባቴ ቤት በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

«ነገርሽው?»

አንገቴን ደፋሁ። ምርኩዙን አንሥቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ያን ዳሌውን እየጎተተ ቁልቁል ወደ እህል በረንዳ መንገድ ጀመረ። ታጥፎ ከዓይኔ እስኪሰወር ጀርባውን አየሁት። ልከተለው እችል ነበር፤ አልተከተልኩትም።