ሁለታችንም ያላየናት ወፍ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጉለሌ

ከቤት ስወጣ ገና በደንብ አልነጋም። ቦርሳዬ ውስጥ የሩቅ ማያ መነጽሬ፣ የወፍ መጽሐፉ፣ ደብተራችንና አራት የተቀቀለ እንቁላል አሉ። ሁለቱ የታምራት ድርሻ ናቸው። አራት መቀቀሌን ያወቅሁት ውሃውን ስደፋ ነው።

ታምራት አንድ ትምህርት ቤት አብረን ያስተማርን ጓደኛዬ ነበር፤ እሱ ባዮሎጂ፣ እኔ ጂኦግራፊ። ጡረታ ከወጣን ወዲህ በየዓመቱ መጋቢት ላይ አንድ ቀን መርጠን ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን እናዳርስ ነበር። በፈረንጆቹ መጽሐፍ ወቅቱ ጸደይ ነው፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች ወደ አገራቸው ለመመለስ የሚሰናዱበት። የደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእሱ እጅ የተጻፈ ሕግ አለ፦ «ሁለታችንም ያላየነው አይመዘገብም።» ሕጉን ያወጣው እኔን ስለማያምን ነው። አንድ ጊዜ ጭልፊት ነው ብዬ የማልኩለት ነገር ባሕር ዛፍ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ፌስታል ሆኖ ተገኝቷል።

ለዓመታት ፈልገን ያጣናት አንዲት ወፍ አለች። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም፤ ጉሮሮዋ ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ። ስሟን ጽፈን መስመሩን ባዶ ትተንላታል። አምና ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁና ታምራት ብቻውን ሄደ። ማታ ደውሎ «ባዶ ነው፤ ምንም አላመለጠህም» አለኝ። ጥቅምት ላይ አረፈ።

ዛሬ የወጣሁት እሷን ፍለጋ ነው። ባገኛትስ ከማን ጋር አያታለሁ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ ደረስኩ።

1 ሰዓት፣ ሱሉልታ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አምና ክፍት የነበረው ሜዳ ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል። አጥሩን ታክኬ ስሄድ አንድ ባለ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ።

«ፋዘር፣ መሬት ሊያዩ ነው?»

«ወፍ።»

መነጽሬን አየ፤ ወዲያ ወዲህ አየ። «ለብቻዎ?»

ለብቻዬ። ከብቶቹ መሃል የሚሯሯጡ ቢጫ ወፎች ነበሩ፤ እነሱን ከታምራት ጋር ስንቴ መዝግበናቸዋል። ረግረጉን ሁለት ሰዓት ያህል ብዞረውም የኔዋ የለችም።

5 ሰዓት፣ ገፈርሳ

በአስኮ አድርጌ፣ ቡራዩን አልፌ ግድቡ ጋ ወረድኩ። ጥበቃው ከሩቅ አወቀኝ።

«ዛሬ ጭቅጭቅ የለም እንዴ? ያኛውስ ጋሼ?»

«አረፈ።»

ቆቡን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለና ውሃው ዳር አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለቱን እንቁላል ሰጠሁት፤ አብረን በላን። መነጽሩን አቀበልኩትና የወፏን መልክ ነገርኩት። ምናልባት እሱ ካያት ምስክር ይሆነኛል ብዬ ነው። ቄጠማውን ከዳር እዳር አዳረሰው።

«ዝይ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

ዝዮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይግጣሉ። አስጠሉኝ።

9 ሰዓት፣ ሰበታ

ከአየር ጤና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከፋብሪካ በሚወጡ ሠራተኞች ተጨናንቋል። ፉሪን አልፈን ሰበታ ወረድኩና ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ወዳለው እርጥብ መሬት ሄድኩ። ቦዩ ዳር ቄጠማ በቅሏል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳራግፍ፣ ከቄጠማው ሥር አንዲት ቡናማ ወፍ ብቅ አለች። ዞረች። ጉሮሮዋ ሰማያዊ ነው፤ መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ።

«ታሜ፣ ያቻትና!» ብዬ ጮህኩ።

ማን ይስማኝ? ወፏ ደንግጣ ቄጠማው ውስጥ ገባች። እንባዬ መጣ። እንዲህ ብቻዬን መሆኔ የተሰማኝ በቀብሩ ቀን እንኳ አልነበረም።

ጩኸቴን ሰምተው አንድ ሽማግሌ ገበሬ በቦዩ ዳር መጡ። ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ።

«አካም ኦልተኒ? ምን አገኘዎት?»

«ደህና ነኝ አባቴ። አንዲት ወፍ አይቼ ነው።»

«ጉሮሮ ሰማያዊዋን?»

ክው አልኩ። «እንዴት አወቁ?»

«አምና አንድ ረጅም ሰውዬ እዚችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በመነጽር አሳዩኝ እኮ። ሰውዬው ደስታቸው! እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ከዚያ ደብተር አወጡና ሳይጽፉ መልሰው ከተቱት። ‹ጓደኛዬ ጉልበቱን አሞት ቀርቷል፤ እንዳየኋት ካወቀ ይቆጨዋል። ከርሞ አብረን እናያታለን› አሉኝ። ጓደኛው አንቱ ነዎት?»

«አዎ።»

«ታዲያ እሳቸው ዘንድሮ ምነው ቀሩ?»

ነገርኳቸው። ኦቦ ቶሎሳ አንገታቸውን ደፉ። ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝና ወደ ከብቶቻቸው ተመለሱ።

11 ሰዓት፣ ወደ ቤት

ታክሲው እስኪሞላ ደብተሩን ከፈትኩ። ሕጉን ደግሜ አነበብኩት። ሁለታችንም እንድናያት ይላል፤ በአንድ ቀን መሆን አለበት አይልም። ባዶው መስመር ላይ «ታምራት፣ አምና መጋቢት። እኔ፣ ዘንድሮ መጋቢት» ብዬ ሞላሁ።

ከሥሩ ትንሽ ቦታ ተርፎ ነበር። በሕይወት ሳለ ያልነገርኩትን እዚያ ላይ ጻፍኩት፦ «ታሜ፣ ያን ቀን ጉልበቴን አላመመኝም። ኳስ ለማየት ነው የቀረሁት።»